የቀረው አንድ እግር ጫማ

እግሬ የሚያውቃቸው ሦስት ፔዳል ነበሩ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋላፊ ያደሩ፤
ፍሪሲዮን በግራ፣ ፍሬንና ነዳጅ፣
ወገቤ እስኪዝል፣ ጉልበቴ እስኪያረጅ።
መኪናው ሲሸጥ ግን እቤት ተቀመጥኩ፣
ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ነፋስ እያዳመጥኩ።

ሲፈን፣ የመጨረሻዋ፣ የአሥራ አራት ዓመቷ፣
ላፕቶፕ ይዛ መጣች ከታላቅ እህቷ።
«አባዬ፣ ይሄን እይ፤ ቀስቶች ይወጣሉ፣
ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ግራና ቀኝ አሉ፤
ጫፉ ላይ ሲደርሱ መርገጥ ነው በምት፣
በእግር ነው ጨዋታው፤ ነውር ነው በጣት።»

መጀመሪያ ገዛሁ ከገበያ ላስቲኩን፣
እንደ ገበታ ጨርቅ የሚጠቀለለውን።
ሁለት ዘፈን አልፋ ሦስተኛው ላይ ሳለች
ላስቲኩ ሸሸባት፤ ሶፋው ሥር ተገኘች።
እንዲህ ያለ መንሸራተት፣ እንዲህ ያለ ጎማ
ካየሁ ቆይቻለሁ፣ ከገባሁ አዳማ።
«ተይው» አልኳት፤ «ነገ በእጄ እሠራልሻለሁ።»
ምን እንደምሠራ ግን እኔስ የት አውቃለሁ!

ጉተማ አናጢው ጋ ኮምፔንሳቶ ያዝኩ፣
ዘጠና በዘጠና፤ በጀርባ አጓጓዝኩ።
«ጠረጴዛ ነው?» ሲል «መጨፈሪያ» ስለው
ሚስማሩን አወጣ ከአፉ የያዘው፤
ደጋግሞ አየኝና፣ ምን ይሆን ያሰበው፣
ከሂሳቡ ሃምሳ ብር፣ ሳልለምን፣ ቀነሰው።

የዘይት ቆርቆሮ ቀደድኩኝ በመቀስ፤
ጣቴን በልቶኛል፣ ፋሻው አለ እስካሁን ድረስ።
ቆርቆሮ ለቆርቆሮ ሳይረገጥ እንዳይደርስ
ነጠላ ጫማዬ ተቆርጦ መሃል ገባ እንደ ትራስ።
ቦርዱ ከሞተ ኪቦርድ፣ ለአራት ቁልፍ ብቻ፤
ሽቦው የቀረኝ ነው ከኢሱዙ ፍሬቻ።
ያኔ «ወደ ግራ» ይል ነበር ለመንገዱ፣
ዛሬም «ግራ» ይላል፤ አልተቀየረም ልማዱ።

ታች ያሉት እትዬ ዘርፌ በመጥረጊያ እንጨት
ኮርኒሱን ደበደቡት የመጀመሪያው ምሽት።
ወርጄ ይቅርታ አልኩ። «ምን ወፍጮ ተከላችሁ?»
አሉኝ፤ «ወይስ ፎቅ ላይ ፈረስ ታስራላችሁ?»
ከመነዳሪ ሰንጥቄ ከሥሩ አነጠፍኩ፣
በድርብ፣ በድርብ፤ እሳቸውን አሳረፍኩ።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣
«አንተም ሞክር» ብላ ካልሲ አስወለቀችኝ፣
እጄን ይዛ ስባ መሃል አቆመችኝ።
ዘፈኑ ጀመረ። ቀስቱ ገና ከታች
ብቅ ሲል ረገጥኩ። «ፈጠንክ!» ሲፈን ሳቀች።
ደግሞ ሌላው መጣ፤ ረገጥኩ፤ ቀይ በራ።
«እስኪደርስ ጠብቀው!» እኔ ግን በግራ
እግሬ ቀድሜያለሁ፣ ፍሪሲዮን ይመስል፣
ገና ከሩቅ ሳየው ማርሽ ልቀንስ ስል።

ከመቶ አሥራ ሰባት።

እንዴት ብዬ ልንገራት? ኩርባው እስኪደርስ
ፍሬኑን የጠበቀ ወደ ቤት አይመለስ።
አሰግድ ጠብቆ ነው፣ ልክ ሲደርስ የረገጠ፤
ከነጭነቱ ሌሊት ከድልድይ ያመለጠ።
ይህን አልነገርኳትም። «አረጀሁ» አልኩና
ሶፋው ላይ ተመለስኩ ካልሲዬን ያዝኩና።

ማምሻውን መብራት ሄደ። አዳማ ነው፣ ይሄዳል።
የላፕቶፑ ባትሪ ድሮ ነው የሞተው፤ አብሮ ይጠፋል።
ዘፈኑ ተቆረጠ። እሷ ግን አልቆመች፤
በቃሏ የያዘችውን ቀስት ትረግጣለች፣
ግራ፣ ግራ፣ ላይ፣ ቀኝ፤ ነፋስ በሩን ሲመታ።
ዓይኔን ከደንኩና፣ በጨለማው፣ ለአፍታ፣
እንደ ሞተር ሰማኋት።

ሦስቱ ደህና ናቸው። የቀኙ ግን ያነክሳል፤
ከሥሩ ያለው ትራስ ተጨፍልቆ ሳስቷል።
ይሁን። አንድ እግር ጫማ አልጋ ሥር ቀርቶኛል።